ገመዱን ልቀቂው ያልኩ ዕለት

ጀርባህን የሚያምህ ሰው ከሆንክ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርስ ማንም ጀርባህን እንዲነካው አትፍቀድ። ወጌሻም ይሁን፣ እናትህም ትሁን፣ ሚስትህም ትሁን። እኔ ከድር እባላለሁ። በደርግ ጊዜ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ኩሊ ነበርኩ። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እዚህም እዚያም ፊደል ብስት አትፍረድብኝ። በሕይወቴ የሳትኩት ትልቁ ነገር ፊደል አይደለም።

ዛሬ ኩሊ ሲባል ጋሪ የሚገፋ ይመስልሃል። እኛ በጀርባችን ነበር። ከጎጃም የመጣውን ኑግና ጤፍ ሁለት ሰው ከመኪና ላይ ይጭንብሃል፤ አንተ ጎንበስ ብለህ መጋዘን ታስገባለህ። ቀስ ካልክ ይከብድሃል፣ ስለዚህ በሩጫ ነው። ካቦው፣ ማለት አለቃችን፣ በሩ ላይ ቆሞ ስንት ጆንያ እንደገባ ያያል፤ ስንት ሰው እንደገባ ግድ የለውም። እኔ ከሁሉም ፈጣን ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ ነው፣ ሌላ የምጎርርበት ነገር ስላልቀረልኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከትከሻዬ ዝቅ፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ መሀል አከርካሪዬ ላይ፣ አንድ ጣት በምትሸፍናት ቦታ። መጀመሪያ ስሸከም ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስቀመጥም ሆነ፣ በኋላ ተኝቼም አልለቅ አለኝ። ማታ ማታ ላቡ ጋቢዬን ያረጥበዋል። ምግብ አስጠላኝ። ሱሪዬ እየወረደ ሲያስቸግረኝ ቀበቶዬን በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩለት። ስለ ላቡም ስለ ቀበቶውም ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

«ኩሊን ጀርባው ካላመመው ምኑ ሊያመው ነው?» አለኝ በድሩ። በድሩ የሸክም ጓደኛዬ ነው፤ እኔ እሱን አስጭናለሁ፣ እሱ እኔን። ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲያ የሄድኩበት ሁሉ እንደዚሁ ሆነ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ ሕመሜን ያወቀ ይመስለዋል። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለው ወጌሻ «ሸክም ነው፣ ጅማትህ ዞሯል» ብሎ በቅቤ አሸኝ። የሰፈራችን ክሊኒክ ድሬሰር «ሸክም ነው» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ወጋኝ። ሁለቱም የፈረዱት ገና ሸሚዜን ከማስወለቃቸው በፊት ነው።

ሆስፒታል ለመሄድ ደግሞ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ከቀበሌ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመታ አየኝ።

«ባለፈው እሑድ ስብሰባ የት ነበርክ?»

«ጀርባዬን አሞኝ ተኝቼ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለኩንታል የሚቆም ጀርባ ለአብዮቱ ሲሆን ይታመማል? ሦስት እሑድ ተገኝና ከዚያ ና።»

ሦስት እሑድ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስለ ምርት ዘመቻ ሰማሁ። ላቤ እየወረደ አጨበጨብኩ። በሦስተኛው እሑድ ደብዳቤው ተጻፈልኝ።

ሆስፒታሉ ለሰፈራችን ቅርብ ነው። የመርካቶ ሰው ሁሉ የሚወለድበትም የሚሞትበትም እዚያ ነው፤ ባለሱቁም ኩሊውም፣ ገበያ መጥቶ የታመመው ገበሬም። ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ትመጣለህ፣ ድንጋይህን ከካርድ ክፍሉ ፊት ትደረድራለህ፣ ግንብ ጥግ ትቀመጣለህ። ባለቤቱ ተራው ሳይደርስ ሞቶበት እዚያው የሚቀር ድንጋይ ነበር፤ ከኋላው ያለው ሰው ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። እኔም አንዱን በእግሬ ገፍቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደረሰ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና አላለም።

«ምንህን ነው?»

«ጀርባዬን።»

«ሥራህ?»

«ኩሊ።»

መጻፍ ጀምሮ ነበር። «ይህን ዋጥ። ከባድ አታንሣ።»

«ከባድ ካላነሣሁ ምን እበላለሁ፣ ዶክተር?»

«የሚቀጥለው!» አለ።

ስለ ላቡ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝ። ሁለታችንም አጠፋን፤ የተቀጣሁት ግን እኔ ነኝ። ከውጭ የነበረውን ሰው ብዛት ሳስብ ዛሬ ያን ያህል አልፈርድበትም። ያን ጊዜ ግን ረገምኩት።

አሁን ስለ ሚስቴ ስለ ዘሀራ ልናገር። ዘሀራ ሀሰንና ሁሴንን በአንድ ቀን የወለደች ናት። በእኛ ዘንድ ደግሞ የመንታ እናት እግር ለጀርባ መድኃኒት ነው ይባላል። ከጎጃም በረንዳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ጀርባዬን ያለ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣ ነበር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። በተለይ ጁምዓ ጁምዓ ቤቱ ይሞላል። ዘሀራ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እግሯን ትታጠባለች፣ ቢስሚላሂ ትልና በደረቱ የተኛውን ሰው ከወገቡ ጀምራ በተረከዟ ትረግጣለች። ከጣራው ወጋግራ ላይ ገመድ አንጠልጥዬላታለሁ፤ ዕቃ የምጠፍርበት የራሴ ገመድ ነው። በሁለት እጇ እሱን ትይዛለች፣ ከክብደቷ ገሚሱን ገመዱ ይወስድላታል። ዋጋ አትቀበልም፤ ዋጋ ከተቀበሉበት ይከሽፋል ትላለች። ሰዎቹ ቀና ብለው ሲሄዱ እያየች የምትደሰተው ደስታ ግን ከዋጋ ይበልጥ ነበር። በዚያ ሰፈር የኩሊ ሚስት የምትከበርበት ሌላ ምን ነገር አለ?

እኔንም ትረግጠኝ ነበር። ሲሻለኝ ሁለት ቀን፣ ከዚያ መልሶ ይይዘኛል። የሆስፒታሉ ክኒን ባለቀ በሳምንቱ፣ ከሥራ እንደገባሁ፣ መሬት ላይ ተኛሁና እንዲህ አልኳት።

«ገመዱን ልቀቂው።»

«ኧረ ይከብድሃል!»

«ኩንታል ያልሰበረኝን አንቺ ልትሰብሪኝ ነው? ልቀቂው በሙሉ ክብደትሽ!»

ሳቀች። ለቀቀችው። ጀርባዬ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። በእኛ አገር ይህ ድምፅ የምሥራች ነው፤ ሕመሙ ወጣ ማለት ነው።

«ወጣልህ! የሀሰን አባት፣ ወጣልህ!» ብላ አጨበጨበች። መንታዎቹም እናታቸውን አይተው አጨበጨቡ። ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እኔም ሙቀት ነገር ጀርባዬ ላይ ተሰምቶኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ያን ሌሊት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ኑግ ስናወርድ፣ በድሩ አስጭኖኝ ሮጥኩ። ቀኝ እግሬ አልተከተለኝም። ወደቅኩ፣ ጆንያው ከላዬ ሆነ። ካቦው ሮጦ መጣና መጀመሪያ የጠየቀው «ጆንያው ተቀደደ?» ብሎ ነው። ተቀዷል። ኑጉ አንገቴ ውስጥ ይፈስሳል። እግሬን እንደጠፋ ዕቃ ፈለግኩት።

«በድሩ፣ እግሬን ቆንጥጠኝ» አልኩት።

«እየቆነጠጥኩህ እኮ ነው» አለኝ።

በእጅ ጋሪ ላይ ጭነው ወደዚያው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸከም ኖሬ በመጨረሻ እኔ ተጫንኩ። በዚህኛው ጊዜ ወረፋ አልጠበቅኩም፤ እግሩ ለማይሰማው ሰው ድንጋይ አያስፈልገውም። ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ የምታስተረጉምለት አንዲት ሲስተር ናት፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሳቅ የማታውቅ። ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሲስተሯ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለች።

«ታስረህ ነበር?»

በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። የተሰበረ ጀርባ ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነበር።

«አልታሰርኩም። ጆንያ ወደቀብኝ።»

ማታውን ብቻዋን ተመልሳ መጣች። «ነቀርሳ ነው፣ ቲቢ» አለችኝ።

«ኧረ ሳል የለብኝም፣ ሲስተር! ሳንባዬም ደኅና ነው።»

«ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው። አጥንትም ይበላል። ነቀዝ የገባበት ማሽላ አይተህ ታውቃለህ? ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል። የጀርባህ አጥንት እንደዚያ ሆኖ ነበር፤ አንድ ነገር ተጫነውና ተደረመሰ፣ ወደ እግርህ የሚወርደውን ነርቭ ያዘው።» ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ይህ ስብራት ግን ከጆንያው ይቀድማል። ማን ረገጠህ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«የመንታ እናት ናት?»

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። እኔ የመጀመሪያው አልነበርኩም።

«ባለቤቴ ናት» አልኩና አለቀስኩ። «እባክዎ ሲስተር፣ እንዳይነግሯት።»

«እኔ አልነግራትም። አንተ ግን ሳትነግራት ከዚህ ቤት አትወጣም።»

በእግሬ እሄዳለሁ ወይ ብዬ ሐኪሙን አስጠየቅኩት። ተርጉማ «አላውቅም ይላል» አለችኝ። አንዲት ቃል ለማጣፈጫ አልጨመረችበትም። ከብብቴ እስከ ዳሌዬ በጄሶ ለሰኑኝ፣ ጠንካራ ጣውላ ላይ አጋደሙኝ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ እፍኝ ክኒን። ከመርፌው ብዛት መቀመጫዬ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ከወገብ በታች አይሰማኝምና እንዲያውም አላስቸገረኝም። የሚያስቸግረኝ ትኋኑ ነበር። በጄሶው ስር ገብቶ ይበላኛል፣ እኔ ደግሞ ማከክ አልችልም። ያቺ ቁጡ ሲስተር አንድ ቀን የራሷን የዳንቴል ኪሮሽ አምጥታ በጄሶው ክፍተት አስገብታ አከከችኝና፣ ኪሮሹን ትራሴ ስር ትታልኝ ሄደች። ስለ ጀነት የሰማሁት ሁሉ ያን ቀን ገባኝ።

አጠገቤ የተኛው የተክለ ሃይማኖት ሽማግሌ ነጋዴ ነበር። «ድሮ ኩሊ የሚያድረው በረንዳ ነበር፤ ዛሬ እንደኔው አልጋ ላይ ተኛ። አብዮት ማለት ይኸው ነው» ይለኛል ጠዋት ጠዋት። በሞተ ጊዜ አለቀስኩለት፣ ሌላ የሚያናግረኝ ሰው ስላልነበረ።

ዘሀራ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ሀሰንንና ሁሴንን ግራና ቀኝ ይዛ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ። ጫማዋን ታወልቅና አልጋዬ ጫፍ ትቀመጣለች። የረገጠቻቸውን ሰዎች ወሬ ትነግረኛለች፣ እኔን ለማጫወት ብላ። «የመጋዘኑ ዘበኛ እኮ ተሻለው! አንተም ከዚህ ጄሶ ውጣልኝ እንጂ እግሬ እየጠበቀህ ነው» ትላለች። እኔ እሥቃለሁ። እሷ ስትሄድ ጣቶቼን ተንቀሳቀሱ እያልኩ አዛቸዋለሁ፣ እነሱም አይሰሙኝም። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። የፈሪ ነገ አያልቅም።

ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት የግራ እግሬ አውራ ጣት ተነቃነቀች። ሲስተሯ አይታ ክፍሉን ሁሉ ጠራች፤ መቆም የሚችል ሁሉ መጥቶ ጣቴን አየ። ከሰዓት በኋላ በድሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ጣቴን ላሳየው ስል እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ሲቀመጥ አየሁት።

«ምን ሆነሃል?»

«ጀርባዬን ይዞኛል። ዘሀራ ለጁምዓ ና ብላኛለች።»

እጅጌውን ያዝኩት። «ማታ ማታ ያልብሃል?»

«የማያልበው ኩሊ የት አየህ?»

«እንዳትረገጥ፣ በድሩ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ እንዳትረገጥ!»

አየኝ፣ አየኝና ሣቁ መጣ። «ሚስትህን ቀናህባት? በጄሶ ታስረህ ትቀናለህ?» ክፍሉ በሙሉ በሣቅ ፈረሰ። ምክንያቱን መናገር እችል ነበር። ግን የዘሀራን ስም በበድሩ አፍ ውስጥ ማስገባት ለመርካቶ ሁሉ መስጠት ነው። እሱም እየሣቀ ሄደ።

በማግሥቱ ዘሀራ ተቆጥታ ገባች። ልጆቹን አላመጣችም።

«በድሩን ምን ብለኸው ነው? ሰፈሩ ሁሉ እየሣቀብኝ ነው!»

«ረገጥሽው?»

«ጁምዓ ነገ ነው።»

«አትርገጪው። ዘሀራ፣ እኔን የሰበረኝ ጆንያው አይደለም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ነቀርሳውን፣ ነቀዙን፣ ሲስተሯ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ እግሯን እያየች ነበር። እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ ነው የተቀመጠችው።

«ወጣልህ ብዬ አጨበጨብኩ» አለች።

«ልቀቂው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጫማዋን አጠለቀች፣ ሳህኑን አነሣች፣ ሄደች። ስድስት ሳምንት አልመጣችም። ምግቡን ልጆቹ ከጎረቤት ጋር ያመጡልኝ ነበር።

ለሲስተሯ ነግሬያት በድሩን አስጠርታ ራጅ አስነሣችው። ንጹሕ ነው። የእሱ የእውነት ሸክም ነበር! የዘሀራ እግር ምናልባት ያድነው ነበር። ሄዶ ቢለምናት እምቢ አለችው፣ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልረገጠችም። በድሩ እኔን መጠየቅ ተወ። ሰፈሩም «ከድር እግሩን ቢያጣ የሚስቱን እግር አብሮ ሰበረ» አለ። ጄሶው ውስጥ ሆኜ ይህን ስሰማ፣ ምነው ዝም ብዬ በነበር ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

በሁለት ምርኩዝ ከሆስፒታል ስወጣ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ጀርባዬ ላይ ጭብጥ የምታህል ጉብጠት አለች። ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወጋግራውን ነው፤ ገመዱ የለም። ዘሀራ አበላችኝ፣ አነጠፈችልኝ፣ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ቤት ውስጥ ግን ጫማ ታደርጋለች። ያ የመርካቶ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከመደቡ እስከ በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም። በእነዚያ አምስት እርምጃ ጫማ ታደርጋለች።

መሸከም ስለማልችል ሲስተሯ ለአስተዳደሩ ተናግራ እዚያው ሆስፒታል ወረፋ አስከባሪ አስቀጠረችኝ። ድንጋይ የሚጠበቅባት ሥራ ናት። በነጭ ክኒን የሸኘኝም ከጣውላ ላይ ያነሣኝም ያው አንድ ቤት ነው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን አልክድም። በወረፋው ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ሳይ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። ኩሊ ነኝ ብለህ አትጀምር። ላብህን ተናገር፣ ትኩሳትህን ተናገር፣ የከሳኸውን ተናገር፤ ሥራህን መጨረሻ ላይ፣ ከጠየቁህ። መድኃኒቱንም ተሻለኝ ብለህ አታቋርጥ።

አንድ ቀን ሲስተሯ ቤታችን ድረስ መጣች። ለዘሀራ እንዲህ አለቻት፤ «የዚህ ሰፈር ጀርባ ሁሉ ከእኔ በፊት አንቺ ጋ ነው የሚመጣው። እኔ ጋ የሚደርሰው ከተሰበረ በኋላ ነው። እግርሽን ተዪው። ዓይንሽንና አፍሽን ነው የምፈልገው።» ዘሀራ ሻይ አቀረበችላት፣ በሩ ድረስ ሸኘቻት፣ መልስ ግን አልሰጠቻትም። ከዚያ በኋላ ዓመት አለፈ።

አንድ ጠዋት ድንጋዮቹን እያስተካከልኩ ቀና ስል ዘሀራን አየኋት። አንድ ከገጠር የመጣ ኩሊ ይዛለች፤ እጇ ጀርባው ላይ ነው። እኔን ሰላም ሳትል ተራ ጠበቀች፣ ሲደርሳቸው አብራው ገባች። በሩ ክፍት ነበር፣ ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ሲጠይቅ ሰማሁት።

«ሥራህ?»

ሰውየው አፉን ሳይከፍት ዘሀራ መለሰች። «ሥራውን ይተዉትና ሸሚዙን ያስወልቁት፣ ዶክተር። ማታ ማታ ያልበዋል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አለ።»

ያ ሰው በእግሩ ገብቶ በእግሩ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘሀራ ስንቱን እንዳመጣች አላውቅም። ዛሬም ጀርባዬን የሚል ሲመጣ ታስቀምጠዋለች፣ ከማጅራቱ ጀምራ አጥንት በአጥንት በጣቷ ትዳስሳለች፣ ስለ ላቡ ትጠይቃለች፣ ካጠራጠራት ወደ እኛ ሆስፒታል ትልከዋለች።

የእኔን ጀርባ ግን ገመዱን ከለቀቀችበት ቀን ወዲህ ነክታው አታውቅም። እጄ አይደርስልኝምና ጉብጠቴን የሚያጥቡልኝ ሀሰንና ሁሴን ናቸው። ዘሀራ ውሃውን ታሞቃለች፣ ልኩን በክርኗ ትሞክራለች፣ አጠገቤ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ በሩን ዘግታ ትወጣለች።